ኢንሱሊን፣ ጤና መድንና የአንድ ገበሬ ቤት አቅም

ታናሽ እኅቴ ዓይነት አንድ የሚባለው የስኳር ሕመም የተገኘባት የ12 ዓመት ልጅ ሳለች ነው። ወላጆቼ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ በተንጣለለው የሩዝ ሜዳ የሚያርሱ ገበሬዎች ናቸው፤ እኔ በአቅራቢያው ባለች ከተማ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነኝ። ይህን የምጽፈው ዕድሜ ልኩን መድኃኒት የሚያስፈልገው ሰው በቤታችሁ ላላችሁና ገቢያችሁ እንደ እኛ ከአዝመራ እስከ አዝመራ ለሚያዳርሳችሁ ብቻ ነው። አቅም የሌለው ሰው ሕክምና የሚያጣው በካርድ ክፍል መስኮት ላይ ይመስለኝ ነበር። በእኅቴ ሕመም ያየሁት ግን የካርዱ ክፍያ ከወጪዎቹ ሁሉ ትንሹ መሆኑን ነው፤ አብዛኛው ነገር የሚወሰነው ከመታመም በፊት በተያዘ ወረቀት፣ በመንገዱ ርቀት፣ በቤት ውስጥ ባለው ምግብና መድኃኒቱ በሚቀመጥበት ቦታ ነው። ከእነዚህም አንዳንዶቹን ብዙ ገንዘብ ሳይወጣ ማስተካከል ይቻላል።

ሕመሙ የጀመራት በክረምት ነበር። ውኃ መጠጣት አበዛች፣ ሌሊት እየተነሣች ትሸና ጀመር፣ እየበላችም ከሳች። ነሐሴ በእኛ አገር ጎተራው የሚጎድልበት፣ የማዳበሪያው ዕዳ ያልተከፈለበት፣ ሩዙም ገና ማሳ ላይ ያለበት ወር ነውና እናቴ «ይሻላታል» እያለች ሰነበተች። ይህን ቸልተኝነት ብሎ የሚፈርድ ሰው ካለ የገበሬውን ሒሳብ አያውቀውም። በነሐሴ ልጁን ለማሳከም የሚነሣ ገበሬ የሚሸጠው እህል ስለሌለው ከብት ይሸጣል፤ የሚሸጠው የእርሻ በሬውን ከሆነ ደግሞ የመጪው ዓመት እርሻው አብሮ ይጎዳል። ሕመሙ በጥር ቢመጣ ኖሮ ያችው ልጅ በሳምንቱ ሐኪም ፊት ትቀርብ እንደነበር አልጠራጠርም። ስለ ገቢ ሲወራ የዓመቱ ድምር ይቆጠራል እንጂ ገንዘቡ በየትኛው ወር እጅ ላይ እንዳለ ብዙ ጊዜ አይጠየቅም፤ ለገበሬ ግን ወሩም ከድምሩ እኩል ይወስናል።

መጀመሪያ የወሰዷት በገበያ ቀን፣ ከተማ ውስጥ ወዳለ አንድ የግል ክሊኒክ ነበር። የታይፎይድ መድኃኒት ሰጥተው መለሷት። ከጥቂት ቀናት በኋላ ታስመልስ ጀመር፣ ሆዷን አመማት፣ ትንፋሿ ፈጣንና ጥልቅ ሆነ፣ ሲጠሯትም ቶሎ መመለስ አቃታት። የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አይታ ወደ ጤና ጣቢያ አጣደፈቻት፤ በዚያም ከጣቷ ጫፍ በተወሰደ አንድ ጠብታ ደም ስኳሯ መሣሪያው ሊያነብበው ከሚችለው በላይ መሆኑ ታወቀ። ወዲያው በአምቡላንስ ወደ ሪፈራል ሆስፒታል ተላከች። ሐኪሙ እንዳስረዱን፣ ሰውነት ኢንሱሊን የተባለውን፣ ስኳርን ለመጠቀም የሚያስችለውን ንጥረ ነገር ሲያጣ በደም ውስጥ ያለውን ስኳር መጠቀም ስለማይችል ስብ ማቃጠል ይጀምራል፤ በዚህም የሚመነጨው አሲድ በደም ውስጥ ይከማቻል፤ ቶሎ ካልታከመም ይገድላል። ወላጆች ሁሉ ይህን ያዙልኝ፦ ልጃችሁ የውኃ ጥም ከበዛበት፣ ሽንት ካመላለሰውና ያለ ምክንያት ከከሳ፣ ባለሙያው ምንም ቢጠረጥር እናንተ በግልጽ «የደም ስኳሩ ይለካልን» ብላችሁ ጠይቁ። ምርመራው አንድ ጠብታ ደም ብቻ የሚፈልግ ነው፤ በጤና ጣቢያም ይሠራል፤ ዋጋውም፣ ሕመሙ ሳይታወቅ ቢቀር ከሚከተለው ወጪ ጋር የሚነጻጸር አይደለም።

በዚያ ዓመት አባቴ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መዋጮውን አላደሰም ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት ወንዙ ሞልቶ ከሩዙ ከፊሉን ስለወሰደበት፣ ባለፉት ዓመታትም ከቤቱ ሰው ጠንክሮ የታመመ ስላልነበረ፣ ያችን ገንዘብ ለዘር አዋላት። ስለዚህ የአልጋው፣ የላቦራቶሪው፣ በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽና የኢንሱሊኑ ክፍያ በሙሉ ከኪስ ሆነ። አባቴ ከማሳዎቹ አንዱን ወለድ አገድ አስይዞ ተበደረ፤ አበዳሪው ገንዘቡ እስኪመለስለት ድረስ መሬቱን ራሱ እያረሰ ምርቱን ይወስዳል። እኅቴ ሆስፒታል የተኛችበት ጊዜ ረጅም አልነበረም፤ ማሳው ወደ እጃችን እስኪመለስ ግን ከአንድ አዝመራ በላይ አለፈ። የዕለት ወጪው ተከፍሎ ካለቀ በኋላ እንኳ ሕክምናው የቤቱን ገቢ መቀነሱን አላቆመም። ደመወዝ የሚቀበል ሰው ተበድሮ ቢታከም ገቢው አይነካም፤ ገበሬ ግን ለሕክምና የሚያስይዘው ገቢው የሚመነጭበትን መሬት ነው። ከሁለቱም ወገን ስለሆንሁ ልዩነቱ ጎልቶ ይታየኛል።

በመድኃኒት ቤቱ መስኮት ተሰልፈን ሳለ ከፊታችን የነበረች ሴት የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒቷን ሳትከፍል ተቀብላ ስትሄድ እናቴ አየች። ተራችን ሲደርስ «ልጄ፣ ለእሷ ነፃ የሆነው ለእኛስ ስለምን አይሆንም?» ብላ ጠየቀች። ባለሙያዋም «እናቴ፣ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ለማንም በነፃ ነው የሚሰጠው፤ ስኳር ከዚያ ውስጥ አልገባም። አንቱ መድን ገብተው ቢሆን ኖሮ ግን አይከፍሉም ነበር» አለቻት። ይህ መልስ ብዙ ነገር ስለሚያስረዳ ጠንቅቆ ማወቅ ይጠቅማል። በመንግሥት ጤና ተቋማት ሀብታም ድኻ ሳይባል ያለ ክፍያ የሚሰጡ አገልግሎቶች አሉ፤ የእርግዝና ክትትልና ወሊድ፣ ክትባት፣ የቤተሰብ ዕቅድ፣ የሳንባ ነቀርሳና የሥጋ ደዌ ሕክምና፣ የኤች አይ ቪ ምርመራና መድኃኒት ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። ስኳር፣ የደም ግፊት፣ የልብ ሕመምና የሚጥል በሽታ በዚህ ዝርዝር ውስጥ የሉም። ስለዚህ ዕድሜ ልክ መድኃኒት የሚያስፈልገው የእነዚህ ሕመሞች ታማሚ ያለው አማራጭ መክፈል ወይም የመድን አባል መሆን ነው። በእኔ እምነት ቢያንስ ለሕፃናትና ለወጣቶች ኢንሱሊን ከነፃዎቹ ተርታ መግባት ነበረበት፤ ያለ እሱ መኖር የማይችል ልጅ መድኃኒቱን በአባቱ ምርት ልክ ሊያገኝ አይገባም።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በሙከራ ደረጃ የተጀመረው በ2003 ዓ.ም. በ4 ክልሎች በሚገኙ 13 ወረዳዎች ሲሆን፣ ከአማራ ክልል ጎረቤታችን ፎገራ አንዱ ነበር። የታሰበውም ደመወዝ ለሌላቸው፣ ለገበሬውና በግል ሥራው ለሚተዳደረው ሰው ነው። ቤተሰቡ በዓመት አንድ ጊዜ ያዋጣል፤ መጠኑ እንደየአካባቢውና እንደየጊዜው ይለያያል፤ ምዝገባውና እድሳቱ በእኛ ዘንድ የሚካሄደው አዝመራ ተሰብስቦ ገንዘብ እጅ ላይ ባለበት ወቅት ነው። ወቅቱ ካለፈ በኋላ የታመመ ሰው ልግባ ቢል የሚቀጥለውን ምዝገባ መጠበቅ ይኖርበታል። አባቴ ከዚያ ወዲህ ከሩዙ ሽያጭ አስቀድሞ የሚያነሣው የመድኑን መዋጮ ነው፤ እኛ ቤት ከማዳበሪያው ዕዳ ይቀድማል።

መዋጮውን መክፈል ፈጽሞ የማይችሉ ቤተሰቦች ደግሞ በቀበሌያቸው ነዋሪዎች ፊት ተለይተው መዋጮው በክልሉና በወረዳው በጀት ይሸፈንላቸዋል፤ ደብተራቸውም ከከፋዩ ደብተር እኩል ያሳክማል። ይህን የሚያፍሩበት ሰዎች አሉ። አንዲት ባሏ የሞተባት የሰፈራችን ሴት «የድኻ ዝርዝር ውስጥ ስሜ ተጽፎ ልጆቼ ይሰሙታል» ብላ ስብሰባው በተደረገ ጊዜ ዝም ብላ ቀርታለች። የመለያው ስብሰባ በዓመት አንድ ጊዜ የሚያልፍ ስለሆነ እንዲህ ያለ ጎረቤት ካላችሁ ስሟን ራሳችሁ አንሡላት፤ ምስክር ሆኖ የሚናገርለት ሰው ያለውና የሌለው እኩል አይታዩም።

አባል ከሆኑ በኋላም የሚጠበቁ ነገሮች አሉ። መድኑ የሚሠራው ከጤና ጣቢያ ጀምሮ በሪፈር ወረቀት ወደ ላይ ሲኬድ ነው፤ ከድንገተኛ ሕመም በቀር ጤና ጣቢያውን ዘሎ ሆስፒታል የሄደ ሰው ከኪሱ ይከፍላል። እኅቴ በየጊዜው ክትትል ስላላት የሪፈር ወረቀቷ የሚያበቃበትን ቀን በደብተሯ ሽፋን ላይ ጽፈናል፤ ቀኑ ያለፈበት ወረቀት ይዞ ሆስፒታል መድረስ የመንገዱን ገንዘብ በከንቱ ማውጣት ነው። የወረቀቱ ዘመን ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ ጤና ጣቢያችሁን ጠይቁ። የቤተሰቡ አባላት በሙሉ ፎቶግራፋቸው በደብተሩ ላይ መለጠፉንና ማኅተም መደረጉን በምዝገባው ዕለት ተመልከቱ፤ በአንድ ፎቶግራፍ ምክንያት የተመለሰ ሕፃን አይቻለሁ።

መድኑ ይዞም ቢሆን የማይቀር ወጪ አለ፤ የሀብታምና የድኻ ልዩነት ይበልጥ የሚታየኝም እዚህ ላይ ነው። በስኳር ክትትል ክፍሉ ወረፋ ስንጠብቅ ከእኅቴ ጋር የዕድሜ እኩያ የሆነች የነጋዴ ልጅ አለች። ሕመማቸው አንድ ነው፣ የሚያያቸው ሐኪም አንድ ነው፣ የታዘዘላቸውም ኢንሱሊን አንድ ዓይነት ነው። ሐኪሙ ለሁለቱም «በቀን ሦስት ጊዜ ተለኪ፣ በሰዓቱ ብዪ፣ መድኃኒቱን ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጪ» ይላሉ። ያችኛዋ ይህን ሁሉ ትፈጽማለች። የእኅቴን ቤት ስናስብ ግን የደም ስኳር መለኪያው ወረቀት በአንድ ዕቃ 50 ፍሬ ስለሚይዝ፣ በቀን ሦስት ጊዜ ብትለካ 17 ቀን እንኳ አይሞላትም፤ ለቤት መለኪያ የሚሆነውን ወረቀት ደግሞ በመድኑ አላገኘነውም። ማቀዝቀዣ የለም፤ መብራቱም በቀበሌያችን የለም። ምግቡም እንደ ሥራው ሁኔታ ይዘገያል። ስለዚህ ተመሳሳይ ትእዛዝ የተሰጣቸው ሁለት ልጆች በሚቀጥለው ቀጠሮ የተለያየ ውጤት ይዘው ይመጣሉ፤ በካርዱ ላይ የሚጻፈው ግን «ክትትሏ ደካማ ነው» የሚል ብቻ ነው።

እኛን የረዳን፣ ያለንበትን ሁኔታ ሳንደብቅ ለሐኪሙ መናገራችን ነው። ድኻ ሰው ሐኪም ፊት ሲቀርብ የታዘዘውን ሁሉ «እሺ» ብሎ የመውጣት ልማድ አለው፤ እናቴም እንዲሁ ነበረች። በአንድ ቀጠሮ ላይ «ዶክተር፣ ወረቀቱን በየቀኑ ሦስት ጊዜ መግዛት አንችልም፤ ባለን እንዴት እናድርግ?» ብለን ስንጠይቅ፣ በየዕለቱ ከመለካት ይልቅ በሳምንት ውስጥ በተመረጡ ቀናትና በተለያዩ ሰዓታት እንድትለካና ውጤቱን በደብተር እንድትጽፍ፣ ሕመም ወይም የስኳር መውረድ ምልክት በታየ ጊዜ ደግሞ ቀን ሳትጠብቅ እንድትለካ አዘዙልን። የኢንሱሊኑንም ሰዓት ከቤታችን የምግብ ሰዓት ጋር አስማሙልን። ይህ ለእኅቴ የተሰጠ ምክር ስለሆነ እናንተ በራሳችሁ አትውሰዱት፤ ጥያቄውን ግን ሳታፍሩ ጠይቁ። በአንዳንድ ሆስፒታሎችም ለስኳር ታማሚ ልጆች ኢንሱሊንና የመለኪያ ወረቀት በድጋፍ የሚሰጥበት አሠራር ስላለ፣ በምትከታተሉበት ክፍል ካለችው ነርስ ወይም ከኢትዮጵያ ስኳር ሕመም ማኅበር ማጣራት ተገቢ ነው። እኛ ይህን የሰማነው ከሐኪም ሳይሆን ወረፋ ላይ ከተቀመጠች እናት ነው።

ማቀዝቀዣ ለሌለው ቤት የሸክላ ዕቃ ይሠራል። ያልተከፈተ ኢንሱሊን የሚቀመጠው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ሲሆን፣ የተከፈተው ብልቃጥ ግን ሙቀት ሳይበዛበት ለ28 ቀን ያህል ሊቆይ ይችላል። እናቴ ትልቅ ማሰሮ ውስጥ አነስ ያለች ሌላ ማሰሮ አስገብታ በመካከላቸው አሸዋ ሞልታለች፤ አሸዋውን ጠዋትና ማታ ውኃ ታጠጣዋለች፤ ብልቃጡ ውኃ እንዳይነካው በላስቲክ ተጠቅልሎ በውስጠኛዋ ማሰሮ ይቀመጣል፤ አፏም በእርጥብ ጨርቅ ይሸፈናል። ውኃው በሸክላው ሲተንን ውስጡን ያቀዘቅዘዋል። ማሰሮው ከምድጃ የራቀና ነፋስ የሚያገኘው ጥላ ቦታ ይፈልጋል፤ በበጋ በደንብ ያቀዘቅዛል፣ አየሩ እርጥበት ባለው በክረምት ኃይሉ ይቀንሳል። የማቀዝቀዣን ያህል ስለማይሆን እኛ የምናስቀምጥበት የተከፈተውን ብልቃጥ ብቻ ነው፤ መጠባበቂያው እኔ በተከራየሁበት ቤት በአከራዬ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቆያል። ከተማ ዘመድ ያላችሁ እንዲሁ ልታደርጉ ትችላላችሁ፤ ብቻ በረዶ ከሚሠራበት ክፍል ይራቅ፤ አንዴ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቢቀልጥም አይሠራም።

አንድ ብልቃጥ 10 ሚሊ ሊትር ሲሆን፣ በእያንዳንዱ ሚሊ ሊትር 100፣ በጠቅላላው 1000 ዩኒት ይይዛል። በቀን 30 ዩኒት ለሚወስድ ሰው በመጠኑ ከአንድ ወር ጥቂት ይተርፈዋል፤ የተከፈተ ብልቃጥ ግን ከላይ ካልሁት 28 ቀን ያህል በላይ አይቆይም። ይህን ሒሳብ ማወቅ ብልቃጡ ከሚያልቅበት ቀን አስቀድሞ ለመንቀሳቀስ ይረዳል። የሆስፒታሉ መድኃኒት ቤት «የለም» የሚልበት ጊዜ አለና በዚያን ጊዜ የመድኑ አባል ሆኖ ከውጭ መግዛት ይመጣል። እኛ ማዘዣው ላይ መድኃኒቱ አለመኖሩ በማኅተም እንዲረጋገጥልን እናደርጋለን፤ ከዚያ ወደ መድን ክፍሉ ሄደን ከየትኛው መድኃኒት ቤት ብንገዛ ገንዘቡ እንደሚመለስልን ከጠየቅን በኋላ እንገዛለን፤ ደረሰኙንም እንይዛለን። በዚህ መንገድ የተመለሰልን ገንዘብ አለ፤ ሳይጠይቁ ከቀረባቸው መድኃኒት ቤት የገዙ ጎረቤቶቻችን ግን አልተመለሰላቸውም። መንገድ የሚዘጋበት ጊዜ ሲበዛ ደግሞ ሐኪሙን ለምነን የሁለት ወር እንዲታዘዝልን አድርገናል።

ከሁሉ በላይ የምፈራው መድኃኒቱን ማብቃቃትን ነው። ብልቃጡ ሊያልቅ ሲል፣ ለመንገድ የሚሆን ገንዘብም ሳይኖር ሲቀር፣ በአሥራ አምስቱ ፈንታ ስምንት ዩኒት ወግቶ ማዝለቅ በድኻ ቤት የተለመደ ነው። ገንዘብ ያተረፈ ይመስላል፤ ነገር ግን እኅቴ አንድ ጊዜ እንደገና ሆስፒታል የተኛችው በዚህ ምክንያት ሲሆን፣ ለአስታማሚ ምግብ፣ ለማደሪያና ለመጓጓዣ የወጣው የብዙ ወር የመንገድ ገንዘብ ይሆን ነበር። ከዚያ በኋላ አባቴ ነገሩን ለዕድሩ አቀረበ። ዕድራችን ለሞተ ሰው እንጂ ለታመመ አያወጣም ነበር፤ ሽማግሌዎቹ ከተመካከሩ በኋላ ወደ ሐኪም ለሚሄድ አባል ያለ ወለድ የመንገድ ብድር እንዲሰጥ፣ በአዝመራ እንዲመለስ ወሰኑ። ብሩ ትንሽ ነው፤ የነሐሴን ቀጠሮ ለማድረስ ግን ይበቃል።

ጠበልን በተመለከተ ደግሞ እናቴ ልጇን ይዛ መሄዷን አልተወችም፤ መተውም የለባትም። የንስሐ አባታችን «መድኃኒቱንም የሰጠ እግዚአብሔር ነው፤ መርፌዋን እየወሰደች ትጠመቅ» ስላሏት ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ። እንዲህ ያለ ቃል ከካህን አፍ ሲወጣ ከእኔ ምክር በላይ ይሰማል። ባዶ ሆድ ኢንሱሊን መውሰድ ስኳርን አውርዶ ራስ ሊያስት ስለሚችልም ስለ ጾሙ አስቀድመው ነገሯት። እኅቴ በኪሷ ስኳር ይዛ ትሄዳለች፤ መንቀጥቀጥ፣ ላብና መደንገዝ ሲሰማት ሁለት ሦስት ማንኪያ በውኃ በጥብጣ ትጠጣለች፤ የክፍል ጓደኞቿም ይህን ያውቃሉ።

የሚያደክመው መንገዱ ነው። ከቀበሌያችን ሆስፒታሉ ለመድረስ በእግር፣ በባጃጅና በሚኒባስ ይኬዳል፤ አብሯት የሚሄደውም ሰው የቀን ሥራውን ያጣል። ሥር የሰደዱ ሕመሞችን በገጠር ጤና ጣቢያዎች ነርሶች እንዲከታተሉ የማድረጉ አሠራር በጎንደርና በጅማ ሆስፒታሎች ዙሪያ ለብዙ ዓመታት ተሞክሯል፤ ስለዚህ ስኳሯ ከተረጋጋ በኋላ ክትትሏ ወደ ጤና ጣቢያችን እንዲዛወር ጠየቅን። አሁን ወርኃዊው ክትትል በዚያ ሆኖ ወደ ሆስፒታል የምትሄደው አልፎ አልፎ ለዓይን፣ ለኩላሊትና ለሌላ ምርመራ ነው። ማንም በራሱ አልነገረንም፤ የተፈቀደልን ስለጠየቅን ነው። ከመዛወሩ በፊት ጤና ጣቢያው ኢንሱሊን በቋሚነት የሚያገኝ መሆኑን አረጋግጡ፤ ካልሆነ ቅርበቱ ብቻውን አይጠቅምም።

አሁን የሚያሳስበን ዕድሜዋ ነው። በአባቷ መዋጮ የምትታከመው 18 ዓመት እስኪሞላት ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ በቤተሰቡ ደብተር ለመቆየት ተጨማሪ መዋጮ ይከፈልላታል። 18 የሚሞላት በሚያዝያ፣ ከምዝገባው ወቅት በኋላ ነው። አባቴ የመድን ክፍሉን ሲጠይቅ የልደት ማስረጃዋን ይዞ በጥር ምዝገባ ላይ ተጨማሪውን አስቀድሞ እንዲከፍል፣ አለበለዚያ እስከ ቀጣዩ ዓመት ያለ መድን ልትቆይ እንደምትችል ነግረውታል። በቤታችሁ ለዚህ ዕድሜ የተቃረበ ታማሚ ልጅ ካለ የልደት ማስረጃውን ከአሁኑ አውጡ፤ በእኛ ቀበሌ ማስረጃው እስኪደርስ ሳምንታት ወስዷል።